ሳይመሽ ማመስገን

ጌሊክ ፉትቦል አይተው ያውቃሉ? አየርላንድ ውስጥ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ በየቡድኑ 15 ሰው የሚሰለፍበት የኳስ ጨዋታ ነው። ኑሮዬ ደብሊን ባይሆን እኔም አላውቀውም ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደብሊኑ አማካይ ብራያን ፌንተን ገና በ31 ዓመቱ ከቡድኑ መሰናበቱን አስታወቀ። 7 ጊዜ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚያ ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ የደብሊንን ውኃ ሰማያዊ ማሊያ ለብሳ መጣች። ሻይ ላይ ስለ እሱ ስታወራ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ስንት ይከፈለው ነበር?" አልኳት።

"ምንም!"

ለካ ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። እሑድ 82,300 ሰው በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ይጫወታሉ፤ ሰኞ ወደየሥራቸው ይገባሉ። ፌንተንም የተማረው ፊዚዮቴራፒ ነው። ደጋፊው ለእነሱ ያለው ክፍያ ምስጋናው ብቻ ነው።

"ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም" የሚለው አባባላችን ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን በሰፈራችን ሜዳ በነፃ ያሠለጠኑን ጋሼም ትዝ አሉኝ። ኳሱን የሚገዙት ከኪሳቸው ነበር። አንድም ቀን አመስግኛቸው አላውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ስለዚያ ሁሉ ኳስ እግዜር ይስጥልኝ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ማነው ደግሞ ኳስ ያስታወሰሽ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ እየጠሩ "እንዴት ናቸው?" አሉኝ።

እርስዎም እንዲህ ያለ ባለውለታ ካለዎት፣ ሳይመሽ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።