ከልስኑ ጀርባ

ቤታችን ከእኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል። አባቴ በ1978 ዓ.ም. በባሕር ዛፍና በጭቃ ያቆመው ባለ አራት ክፍል የአዲስ አበባ ቤት ነው። እኔ ዘንድሮ 33 ሞልቶኛል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጥገናው የእኔ ሆኗል። ውጭ አገር ያሉት ወንድሞቼ ሐሳብ ይልካሉ (ላለመዋሸት፣ አንዳንዴ ገንዘብም)።

ከአራት ዓመት በፊት ከመሥሪያ ቤት ቦነስ ሳገኝ የፊት ለፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለዓይን መማር አለበት ብዬ አምናለሁ። ስንጥቁ ጠፋ፣ ክሬም ቀለም ተቀባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ቤቱ ሙሽራ መሰለ» አለ። እናቴ ብቻ «አባትሽ በየዓመቱ በጭቃ ነበር የሚደባብሰው» አለች። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

ባለፈው ግንቦት ክረምቱ ሳይገባ ጣራውን እንዲያዩልኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጠራሁ። እሳቸው ግን ጣራውን ትተው ግድግዳውን በጣታቸው ማንኳኳት ያዙ። አንዱ ጋ ድፍን ድምፅ ይሰማል፣ ሌላው ጋ ባዶ እንስራ። ልስኑን በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደ ቅርፊት ተገምጦ ወደቀ። ከውስጥ ያለው ቋሚ በእጅ ይፈረፈራል። ምስጥ ከሥሩ ገብቶበታል።

«ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል» አሉኝ። «ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ሲያጣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ጭቃው እንዳለ ቢሆን ኖሮ ችግሩን ታዪው ነበር፣ ልጄ። አንቺ ሸፈንሽው።»

ግድግዳው ሊፈርስ ስለሆነ በማግሥቱ የእናቴን አልጋ ወደ መሃል መሳብ ነበረብኝ። አልጋው ሥር ፖፖ አገኘሁ። እንግዳ ነገር ሆነብኝ፤ ሽንት ቤታችን ግቢው ውስጥ ነው፣ እናቴም ሌሊት መውጣት ሰንፋ አታውቅም።

«ይሄ ምንድነው፣ እማዬ?»

«ምንም።»

ቆይታ ቆይታ ነገረችኝ። በጥምቀት ሰሞን ሌሊት ስትወጣ ከበሩ ደረጃ ወድቃለች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ በጨለማ መውረድ ፈርታለች። ከማታ ጀምሮ ውኃ መጠጣትም ትታለች። አራት ወር ሙሉ! እኔ በየምሽቱ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «አንቺ ሥራ ይበዛብሻል» አለች።

አምስት ቋሚ ተለወጠ። አዲሶቹ መሬት የሚነካው ጫፋቸው የተቃጠለ ዘይት ተቀባ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ተተወ፤ ካልቦካ ጥሩ አይዝም። አንዱ ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይመረግም፣ ስለዚህ ችኮላ የለም። ወንድሜ ደውሎ «ሽጡትና ለእማዬ ኮንዶሚኒየም እንግዛላት» አለኝ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናታችን ምን ትሆናለች ብለው ዝም አለ። ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም፤ አንዳንድ ሌሊት እኔም አስበዋለሁ። በየዓመቱ ግድግዳ መደባበስ እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም።

ምክንያቱም በጥገናው መሃል አንድ ባልዲ ጭቃ ብድግ ሳደርግ ወገቤ ቀጨም አለ። ድሮ በክረምት ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ ስመታ የኖርኩ ሰው፣ ሦስት ቀን ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ለእናቴ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ዛሬ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው» ብዬ ላፕቶፔን ይዤ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትጠይቀኝ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ጨው አምጥታ ወገቤ ላይ አስቀመጠችው።

በሩ ጋ የብረት መደገፊያ አስበየድኩ፣ ከደጅም መብራት ገባ። ፖፖውን ግን አልጣለችውም፤ «ይቀመጥ» ብላለች። ግድግዳው አሁንም ቀለም አልተቀባም፤ ጭቃው ይታያል። ሁለት ቦታ ቀጭን ስንጥቅ ስላለው መስከረም ላይ እመለስበታለሁ።

እናቴ መደገፊያውን ስትይዝ እስካሁን አላየኋትም። ቀን ቀን ነጠላዋን ታሰጣበታለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ነጠላውን ገለጥ አድርጌ የምይዘው እኔ ነኝ።