ስለ ትንሽ እጅና ስለ ትልቅ እጀታ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የያዝኩላችሁ። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

የማወራው ስለ ሽጉጥ እጀታ ነው። «ቲቸር ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። በዚህ ዘመን በእኛ በጎጃም የመሣሪያ ስም ሲነሳ የስንት እናት ልብ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። እኔ መሣሪያ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልመኝም። ነገሩ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ጉዳዩም የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ዛሬ የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። ዘመዶቻችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ እያሉ የሚነግሯችሁ አካባቢ። እሷ የምትሠራው ጥበቃ ነው። በሥራ ቦታዋ ባዶ እጁን የሚጠብቅ አለ፣ ሽጉጥ ታጥቆ የሚጠብቅ አለ፤ የታጠቀው የተሻለ ይከፈለዋል። ለመታጠቅ ግን ሠልጥኖ፣ ኢላማ ተኩሶ ማለፍ ግድ ነው። ልጅቷ የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ውጤት አለፈች። ተኩሱ ላይ ወደቀች። አሠልጣኟም እጇን አየት አድርጎ «እጅሽ ትንሽ ነው፤ ይሄ ሥራ ላንቺ አይሆንም» አላት። የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው። ልጇን እዚህ እናቷ ጋ ትታ የሄደች ናት። የደመወዙ ልዩነት ለእሷ ልጇን ቶሎ መውሰድና አለመውሰድ ማለት ነው።

በቴሌግራም እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ ስለ ጉልበትና ግፊት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እስኪ ይንገሩኝ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው?»

እኔ ሽጉጥ ተኩሼ አላውቅም። እጀታ ግን አውቃለሁ። ጎዛምን ውስጥ ያደግኩ የገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ምሳር ከገበያ ሲመጣ የሚመጣው ብረቱ ብቻ ነው። ዛቢያው እቤት ነው የሚጠረበው፤ ወይራ ከተገኘ ወይራ። አባቴ ለእኔ ሲጠርብልኝ «ና እስኪ ጨብጥ» ይለኛል። እጨብጣለሁ። ጣቶቼ ዞረው የት ጋ እንደደረሱ ያያል። ካልተዳረሱ ደግሞ ይጠርበዋል። አልፈው መዳፌን ከቧጠጡት «ይሄስ ለታናሽህ ይሁን» ብሎ ያስቀምጥና ሌላ ይጀምራል። አንድ ቀን እንኳን «እጅህ ለምሳር አይሆንም» ብሎኝ አያውቅም። የሚጠረበው እንጨቱ ነው እንጂ ልጁ አይደለማ!

እርፍም እንደዚያው ነው። እርፉ ከአራሹ ቁመት ጋር ካልተስማማ፣ ሰውየው ጎንበስ እንዳለ ይውልና ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። እረኛም ዋሽንቱን ሲበሳ የቀዳዳውን ርቀት የሚለካው በገዛ ጣቱ ነው። መለኪያችን ራሱ ሰውነታችን ነበር፤ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝር፣ ክንድ። ክንድ እንደየሰው ስለሚለያይ ጨርቅ ሲገዛ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ለንግድ አስቸጋሪ ነው። ለእጀታ ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አልተገኘም።

ፋብሪካ ግን እጅህን አይጠይቅህም። አድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ሰደፉ የተለካው ለፈረንሳይ ወታደር ነው። የእኛ ሰው፣ ክንደ ረጅሙም ክንደ አጭሩም፣ ያንኑ ሰደፍ ትከሻው ላይ አስደግፎ ተኮሰ። ወገኖቼ፣ ተችሏል፤ ግን ምቹ ነበር ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ልጅቷ ሽጉጥ እንምጣ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ባለ 38 ነው፤ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት፣ ሪቮልቨር የሚሉት ዓይነት። ፎቶውን ልካልኝ አየሁት። ወፍራም የላስቲክ እጀታ፣ ፊት ለፊቱ ላይ የጣት ማስቀመጫ ጎድጓዶች ያሉት። እጇ እዚያ ላይ ሲታይ ሕፃን የአባቱን ጫማ ያደረገ ይመስላል።

ፊዚክሱ እንዲህ ነው። ይህ ሽጉጥ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሳይስቡ፣ ቃታውን ብቻ ስቦ ለመተኮስ ግን 5 ኪሎ ዕቃ የማንሳት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። አስቡት፤ 1 ኪሎ በምትመዝን ዕቃ ላይ የ5 ኪሎ ጉልበት! ዕቃዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት መዳፍ ከሌለ ጉልበቱ ቃታውን ብቻ አይስብም፣ አፈሙዙንም ይዞት ይዞራል። ጥይቱም ከኢላማው ጎን ያርፋል።

እጀታው ሲወፍር ሌባ ጣት ቃታው ጋ በደንብ አይደርስም፤ በጫፉ ብቻ ይነካዋል። በጫፍ መሳብ ደግሞ ወደ ጎን መግፋት ነው። ታዲያ ባለ ትንሽ እጁ ምን ያደርጋል? ጣቱ እንዲደርስለት መዳፉን ወደ ጎን ያዞራል። ያኔ ሁለተኛው ጣጣ ይመጣል። ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። ምቱ ማረፍ ያለበት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ነው፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ይሄዳል። መዳፉ ከዞረ ግን የሚመታው የአውራ ጣትን አንጓ ነው። ልጅቷም የጻፈችልኝ «አውራ ጣቴ አብጧል» ብላ ነበር። ሰው አንዴ ካመመው ደግሞ ገና ሳይተኩስ ይሸማቀቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያ ፍርሃት አይደለም፣ ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው።

አንብቤም፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠይቄ የጻፍኩላትን እነሆ። የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

አንደኛ፣ ዕድለኛ ነሽ አልኳት። ጥይት በካዝና የሚጎርሱት ሽጉጦች ካዝናቸው እጀታው ውስጥ ስለሚገባ ከካዝናው በታች ማቅጠን አይቻልም። ሪቮልቨር ግን እጀታው ውስጥ ያለው የብረት አጥንት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ወይም ላስቲኩ በብሎን የሚታሰር ልብስ ነው። ይፈታል፣ ይቀየራል።

ሁለተኛ፣ ጀርባውን እይው። አንዳንዱ እጀታ የብረቱን ጀርባ ጭምር ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ጎንና ጎኑን ብቻ ሸፍኖ ጀርባውን ክፍት ይተወዋል። ጀርባው ክፍት የሆነው ከመዳፍ እስከ ቃታ ያለውን ርቀት ያሳጥራል። ለትንሽ እጅ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ግን ዋጋ አለው፤ ላስቲኩ ይውጠው የነበረውን ምት አሁን እጅሽ ይቀበለዋል።

ሦስተኛ፣ የጣት ጎድጓድ ያለውን ተይው። ጎድጓዱ የተለካው በሌላ ሰው ጣት ነው። ጣትሽ ጎድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ጉብታው ላይ ያርፍና መያዣሽን ያላላዋል። ፊቱ ደልዳላ የሆነ ይሻላል።

አራተኛ፣ ቀጭን ብለሽ ደግሞ ዱላ እንዳትመርጪ። ጣቶችሽ ዞረው መዳፍሽን ከቧጠጡት አለፈ ማለት ነው፤ ዕቃው እጅሽ ውስጥ ይሽከረከራል። ግፊት ማለት ጉልበት ሲካፈል ለስፋት ነው ብለን ተምረን የለ? ስፋቱ ሲያንስ ያው ምት እንደ ቢላ ይሰማል።

አምስተኛ፣ ቆዳውን ዳሰስ አድርጊው። በጣም የለሰለሰ እንጨት በላብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ በጣም የሸከረ ደግሞ እጅ ይልጣል። መሀል ላይ ያለውን ፈልጊ።

መሞከሪያውም ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት ከበሮውን ከፍተሽ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጪ፤ አፈሙዙንም ሰው ወደሌለበት አድርጊው። ከዚያ አፈሙዙ ከክንድሽ አጥንት ጋር አንድ መስመር እንዲሆን አድርገሽ ጨብጪ። እንደዚያ ይዘሽ ሌባ ጣትሽ ቃታው ላይ የት ያርፋል? በጣቱ ሥጋማ ክፍል ወይም በመጀመሪያው አንጓ ከሆነ ልክሽ ነው። በጥፍርሽ ጫፍ ከሆነ አይደለም። መዳፍሽን ካዞርሽ በኋላ ከደረሰ ደግሞ አልደረሰም ማለት ነው፤ ራስሽን አትሸውጂ።

በመጨረሻም፣ ሽጉጡ የድርጅቱ ስለሆነ ሳትጠይቂ አንዲት ብሎን እንዳትነኪ፤ ሲፈቅዱልሽ የሚገጥመው ባለሙያው ይሁን አልኳት።

ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ቀጭን፣ ፊቱ ደልዳላ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ የእንጨት እጀታ ተገጠመላት። በመጀመሪያው ቀን «ቲቸር፣ ይሄ ይባስ ያማል!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ላስቲኩ ሄዷል። ግን ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ እየተሰበሰቡ መጡ። ምቱ ለዘብ ባለ ጥይት ለሁለት ሳምንት ተለማመደች። ከዚያ ተፈተነች፤ ተንጠልጥላም ቢሆን አለፈች። እጇ ያው እጇ ነው፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አላደገም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሽጉጥ ብዬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል 4,063 አብራሪዎችን ለካ። የአውሮፕላኑ መቀመጫና መሪ የሚሠራው ለ«አማካይ» አብራሪ ነበር፤ አደጋ ግን በዛ። ጊልበርት ዳንኤልስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ በ10 ዋና ዋና የሰውነት ልኮች ሁሉ አማካይ የሆነ አብራሪ ስንት እንዳለ ቆጠረ። ስንት አገኘ መሰላችሁ? ዜሮ። አንድም ሰው የለም! ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተሠራው ለማንም ልክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው የሚስተካከል መቀመጫ ግድ ይሁን የተባለው። አብራሪውን ከመለወጥ መቀመጫውን ማስተካከል ረከሰ።

እኔ በየቀኑ ይህን ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። ሴት ተማሪ ብሎን መፍታት ሲያቅታት ወንዶቹ ይስቃሉ። የሰጠናት መፍቻ ግን እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ ነው። ብሎን ሲፈታ የማዞር ጉልበት የሚገኘው ጉልበት ሲባዛ በመያዣው ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ለትንሽ እጅ እዚህ ላይ የሚሻለው ወፈር ያለ መያዣ ነው። ልብ በሉ፣ ትንሽ እጅ ሁልጊዜ ቀጭን ነገር ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሥራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ለሳቁባት ልጅ ወፈር ያለ እጀታ ያለው መፍቻ ሰጠኋት። ፈታችው። የሳቁት ዝም አሉ።

ግራኝ ተማሪ በቀኝ መቀስ ሲቆርጥ ወረቀቱ ይታጠፍበታል፤ «ደንቆሮ» እንለዋለን። አጭር ተማሪ እግሩ መሬት በማይነካ ወንበር ላይ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይቀመጣል፤ «አይረጋም» እንለዋለን። ስንቱ ልጅ ነው ዕቃው ሳይለካለት እሱ ተለክቶ ጎደለ የተባለው? ሰው «አልችልም» ብሎ ካመነ በኋላ ያንን እምነት መፍታት ከብሎን ይከብዳል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር፤ ዛቢያ ሲጠርቡ «ና እስኪ ጨብጥ» ይሉ ነበር። እኛ ከሱቅ መግዛት ስንጀምር ረሳነው። ለልጃችሁ ጫማ ስትገዙ እግሩን ትለኩ የለ? ማጭድም ሆነ መዶሻ፣ መቀስም ሆነ መፍቻ ስትገዙ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይጨብጠው፣ ጣቶቹ የት እንደደረሱ እዩለት። ልኩ ከሌለ ወይራ አለ፤ ቢላ አለ፤ ይጠረባል።

እጃችሁ ትንሽ ነው ተብላችሁ የተዋችሁት ሥራ ካለ ከሥር ጻፉልኝ፤ መላው አብረን ይፈለጋል። አስተማሪዎች ደግሞ ክፍላችሁ ውስጥ ያያችሁትን አካፍሉን።

በቸር ያገናኘን።