የአክሮፖሊስ ጠጋኞች

አቴንስ መሀል የገባ ሰው አክሮፖሊስን አላይም ቢል እንኳ አያመልጠውም፤ በየመንገዱ ጫፍ ብቅ ይላል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 156 ሜትር ገደማ ነው። ለደጋ ሰው ይህን ተራራ ነው ብሎ መንገር ያሳፍራል። ነገር ግን አለቱ በሦስት በኩል ገደል ስለሆነ አናቱ ላይ የሚደረሰው በምዕራብ ነው። መጀመሪያ ምሽግ፣ ኋላም የአማልክት ሰፈር ያደረገው ይኸው አቀማመጡ ነው።

የሚያስጎበኙን ሴት ጠና ያሉ አቴናዊት ናቸው። ግሪክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማስጎብኘት ክልክል ነውና ፈቃዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። የጆሮ ማዳመጫ አድለውን ሲያበቁ የመጀመሪያው ንግግራቸው ስለ አማልክት ሳይሆን ስለ ጫማችን ሆነ። መወጣጫው እብነ በረድ ነው፤ የስንት ዘመን እግር ስላለሰለሰው ዝናብ ባይነካውም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ሽቅብ የወጣውን ሰው የሚቀበለው ፕሮፒላያ የሚባለው ታላቁ በር ነው። ጎብኚው ሁሉ በዓምዶቹ መካከል አሻግሮ ፓርቴኖንን ይፈልጋል። እኛን ግን ወደ ጎን ወስደው ግድግዳ አሳዩን። ከድንጋዮቹ ፊት ላይ ጉጦች ወጣ ወጣ ብለዋል። ግንበኞቹ ድንጋዩን በገመድ ሲያነሱ እንዲይዙበት የተዋቸው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ በመሮ ተጠርበው ግድግዳው ልሙጥ መሆን ነበረበት። አርክቴክቱ ምኔሲክሌስ ሥራውን የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ437 ነው። በ432 ከስፓርታ ጋር ጦርነቱ ሲቃረብ ሥራው ተቋረጠ፤ ጉጦቹም ሳይጠረቡ ቀሩ። ያለ አስጎብኚ ብገባ ኖሮ ጌጥ ናቸው ብዬ አልፍ ነበር።

ፓርቴኖን ፎቶውን ላየ ሁሉ የሚታወቅ ሕንፃ ነው፤ ስለ ግርማው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፋርሶች በ480 ኮረብታውን አቃጥለው ከሄዱ በኋላ፣ በአቴንሱ መሪ በፔሪክሌስ ዘመን፣ ከ447 እስከ 432 ተሠራ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ፣ የቅርጻ ቅርጹ አለቃ ፊዲያስ ነበሩ። ድንጋዩ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከፔንቴሊኮን ተራራ በበሬ በሚጎተት ጋሪ መጣ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አስጎብኚያችን ማዕዘኑ ጋ አቁመው የመጨረሻውን ደረጃ ጠርዝ እስከ ወዲያኛው ጫፍ በዓይናችን እንድንከተል አዘዙን። ቀጥ ያለ የመሰለው ጠርዝ መሀሉ ላይ ጎበጥ ብሏል፤ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በአጭሩ 6 ገደማ። ዓምዶቹም ወደ ውስጥ ዘንበል ያሉ ናቸው፤ የማዕዘኖቹ ደግሞ ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ። የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ነው የሚሉ አሉ፤ ዓይን እንዳይታለል ነው የሚሉም አሉ። ሴትዮዋ ለሁለቱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። ለምንም ይሁን ለምን፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ለራሱ ቦታ ብቻ ተለክቶ ተጠርቧል ማለት ነው።

ይህ ቤት አረማዊ መቅደስ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ከስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ ለዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ያውም በእመቤታችን ስም። ቱርኮች ሲመጡ መስጊድ ሆነ። በመስከረም 1687 እ.ኤ.አ. ቱርኮቹ ባሩድ አከማችተውበት ሳለ ከከበቧቸው ቬኒሳውያን የተተኮሰ ቦንብ ወደቀበትና መሀሉ ፈነዳ። ዛሬ የምናየው ክፍተት የእርጅና ሳይሆን የዚያ ቀን ነው። ከ1801 ጀምሮ ደግሞ የብሪታንያው ሎርድ ኤልጂን ሰዎች ከቀሩት ቅርጾች ብዙውን ነቅለው ወሰዱ፤ በ1816 የብሪታንያ መንግሥት ገዝቶ ለብሪታንያ ሙዚየም ሰጣቸው። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶቻችንም ያሉት እዚያው ሙዚየም ስለሆነ፣ ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ለምን እንደሻከረ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

ከሁሉ አብልጬ የቆምኩት ጠጋኞቹ ጋ ነው። የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋይን ከድንጋይ ሲያያይዙ በብረት ማያያዣው ላይ የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበት ነበር፤ እርሳሱ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያደሱት መሐንዲሶች ግን ብረቱን ያለ እርሳስ ሰኩት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ አብጦም እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጣጠቀው። ከ1975 ጀምሮ እየተካሄደ ያለው ጥገና በአመዛኙ ያንን የቀድሞ ጥገና መፍታት ነው፦ የዛገውን አውጥቶ በማይዝግ ቲታኒየም መተካት፣ ቦታው የተሳሳተውን ድንጋይ ወደ ቦታው መመለስ። የጎደለውን የሚሞሉት ከዚያው ከፔንቴሊኮን በመጣ ድንጋይ ነው። አዲሱ ቁራጭ ነጭ፣ አሮጌው ማር ማር የሚል ስለሆነ ማንም ይለያቸዋል። በድንጋዩ ውስጥ ጥቂት ብረት ስላለ ከዘመን ብዛት አዲሱም ይወይባል። ለእኔ እንዲህ ያለው ጥገና፣ የታከለውን ሳይደብቅ የሚያሳየው፣ ከዓምዶቹ እኩል የሚደነቅ ጥበብ ነው።

ወርደን ከበሩ ትይዩ ያለውን ራቁት አለት አየን። አርዮስፋጎስ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የሚተርከው የቅዱስ ጳውሎስ ስብከት ከዚህ ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ንግግሩ በግሪክኛ በነሐስ ተቀርጾ ከአለቱ ሥር ተለጥፏል። ያኔ ካመኑት አንዱ ዲዮናስዮስ ነበር። ከአክሮፖሊስ በስተደቡብ ያለው ሰፊው የእግረኛ ጎዳና ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ትኬታችሁን ሰዓት ቆርጣችሁ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ከ2023 ወዲህ በቀን የሚገባው ሰው በ20,000 ተወስኗል። በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ የማለዳውን ሰዓት ምረጡ። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከምሳችሁ ላይ ቆጥቡ እንጂ አስጎብኚውን አትተዉ። የአክሮፖሊስ ሙዚየምንም ከኮረብታው በኋላ እዩት። በላይኛው ፎቅ የፓርቴኖን ቅርጾች በቀድሞ አቀማመጣቸው ተደርድረዋል፤ ለንደን ባሉት ምትክ የቆሙት ደግሞ ነጫጭ የጄሶ ቅጂዎች ናቸው።