ጡረታን መቼ እንቀበል?

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው። በአገራችን ልማድ ጧሪው ልጅ ነበር፤ ጧሪና ቀባሪ የሌለው ሰውም ከሁሉ ይልቅ ይታዘንለት ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ግን ለሠራተኛው መንግሥትም ጧሪ ሆነለት። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ልጅ ያለ ስሌት ሲጦር፣ መንግሥት የሚጦረው በዓመትና በመቶኛ አስልቶ ስለ ሆነ፣ ሰው ገና ሳያረጅ «መቼ ልውጣ?» ብሎ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

እኛም ይህ አሳብ የደረሰብን በ2010 ዓ.ም. ነው። በድሬ ዳዋ ገጠር፣ በቢዮ አዋሌ፣ በመምህርነት ስንሠራ 55 ዓመት ሞላን፤ አገልግሎታችንም 25 ዓመት ነበር። ያን ጊዜ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 714/2003 የመጦሪያውን ዕድሜ 60 ቢያደርገውም፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢወጣ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበል እንዲቀበል ይፈቅድ ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነበር። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ በ55 ዓመታችን ብንወጣ 48.75 በመቶ፣ እስከ 60 ብንቆይ 55 በመቶ ይደርሰናል። ልዩነቱ 6.25 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ባልደረባችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈና፣ ቀድሞ የወጣ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ የሚቀበለውን አበል በዚህ ብልጫ ለመተካት 39 ዓመት እንደሚያስፈልግ አሳየን። «99 ዓመት ለመኖር ያሰበ ይቆይ!» ብሎ ሳቀ፤ በዚያው ዓመትም ወጥቶ በቀፊራ ገበያ ንግድ ጀመረ።

ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ትቷል። አንደኛው፣ መቶኛው የምን መቶኛ እንደ ሆነ ነው። አበል የሚታሰበው በመጨረሻው ዘመን ደመወዝ ስለ ሆነ፣ የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ መሠረቱ ከፍ የሚልለት በሥራ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው፣ ባል ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈው የአበሉ 50 በመቶ መሆኑ ነው። የ48.75 እኩሌታ የደመወዙን ሩብ እንኳ አይሞላም። ባለቤታችን በዕድሜ ከእኛ በ11 ዓመት ታንሳለች፤ ከእኛ ይልቅ በዚህ አበል ብዙ ዘመን የምትኖረው እርሷ ናት። ባልደረባችን የነጋዴ እጅ ነበረው፤ እኛ ግን ከጠመኔ በቀር የያዝነው ሙያ የለም። እርሱ ቢወጣ ሁለት ገቢ፣ እኛ ብንወጣ ግማሽ ገቢ ነው።

አሳባችን ገና ሲያመነታ ሳለ፣ ማሽላ የሚያጭዱ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው፣ በኦሮምኛ እንዲህ አሉን፦ «እናንተ የምታርፉበትን ቀን ትመርጣላችሁ፤ ለእኛ የሚመርጥልን ጉልበታችን ነው። ልጄ ከተማ ገብቷል፤ አሁን ጧሪዬ ይህ ማጭድ ነው።» ምሬት አልነበረባቸውም፤ አጎንብሰው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። እኛ ግን መምረጥ መቻል ራሱ ሀብት እንደ ሆነ፣ ሀብትም በድካምና በስልቹነት ሰዓት የሚጣል እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን።

ስለዚህ ቆየን። አዋጁም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተካ፤ እኛም በ2015 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶን ተሰናበትን። ባልደረባችንም በንግዱ ደኅና ነው፤ የእርሱ ምርጫ ለእርሱ፣ የእኛም ለእኛ ተገቢ ነበር።

እንግዲህ ዕድሜያችሁ ወደዚያ የተጠጋ ሠራተኞችና መምህራን ሆይ፣ መቶኛውን በሚገባ አስሉ፤ ካሰላችሁ በኋላ ግን፣ ከወጣችሁ ማግስት እጃችሁ ምን እንደሚሠራና ከእናንተ በኋላ በዚያ አበል የሚኖረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ቀኑን መወሰን ያለበት የዚህ መልስ ነው።