«ዳ ጓንስ»፦ ክስ ዱላ አይደለም

ቦሌ ለሚ አካባቢ አንድ ወጣት ከሚሠራበት የቻይና ኩባንያ ተባረረ። አለቃው ፊት ቆሞ «እንግዲህ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ» አለ። ቻይናዊው አለቃ «ዳ ጓንስ?» ብሎ ጠየቀ። ቋንቋውን ለጥቂት ወራት ብቻ የተማረው አስተርጓሚ ቃሉን ሰነጠቀው። «ዳ» መምታት፣ «ጓን» ባለሥልጣን።

«ባለሥልጣን ልትመታ ነው ወይ ይልሃል» አለው።

ወጣቱ ደነገጠ። ነገሩ ወደ ፖሊስ እንዳይዞርበት ፈርቶ ክሱን እርግፍ አድርጎ ተወው።

«ዳ ጓንስ» በቻይናውያን የዕለት ተዕለት አነጋገር «ፍርድ ቤት መካሰስ» ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። በዚያው «ዳ» ስልክ ይደውሉበታል፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወቱበታል። በአማርኛስ ማኅተም ይመታ፣ ክራር ይመታ የለ? የሚደበደብ ሰው ግን የለም።

እርግጥ ነው፣ አማርኛውም ስለ ክስ ሲያወራ የጠብ ቃል ይወዳል። ሙግት «ይገጠማል»፣ ተከሳሽ ፍርድ ቤት «ይገተራል»፣ የተፈረደበት «ተረታ» ይባላል። የድሮው ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ያስታውሳል። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የተጣሉ ሰዎች ጎን ለጎን መንገድ ሲሄዱ ማለት ነው። ክስ ዱላን ያስጣለ እንጂ ዱላ ያነሳ አልነበረም።

ፍርሃት ዋጋ ያስከፍላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ነው። ከሥራ ውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ነው። ሠራተኛው ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ወጣቱ የቃሉን ትክክለኛ ፍቺ የሰማው በአራተኛው ወር፣ ከሌላ አስተርጓሚ ነው። ሰውየው እየሳቀ ነገረው፤ እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ሥራው የመመለስ ጥያቄው በይርጋ ቀርቷል። የቀረው ክፍያውን መጠየቅ ነው፤ ለእሱም ቀኑ እየተቆጠረ ነው።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አለቃው ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚ አፍ የተንጠለጠለው ሠራተኛው ነበር፤ ችሎት ፊት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አለቃው ነው።

የስንብት ደብዳቤ የተሰጠው ሰው ሁሉ፣ አስተርጓሚው ምንም ይበል ምን፣ ሁለት ቁጥር ይያዝ፦ 3 እና 6።