የማን ነህ?

የእድገት በሕብረት ዘመቻ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተበተንን። ለእኔ አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ደረሰኝ። ካኪ ከለበስን ወዲህ የባለሀብት ልጅ ከዘበኛ ልጅ አይለይም። ገበሬውም ስማችንን አይጠይቅም፤ ሁላችንም «ዘማች» ነን። ሽበት የወረሳቸው ሰዎች ሲያዩን ከተቀመጡበት ብድግ ይሉልን ነበር። መጀመሪያ አፈርኩ፤ እየዋለ ሲያድር ግን አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ለመድኩ።

ከጓዶቻችን አንዱን ግን የገጠመው ሌላ ነው። ዓመታት አንድ ዴስክ ላይ አብረን ስንቀመጥ ኦሮምኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በትምህርት ቤታችን ኦሮምኛ ያመለጠው ልጅ መሳቂያ ይሆን ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ አስተርጓሚ ሲጠፋ እሱ ተነሥቶ ተናገረ። አንድ ሽማግሌ ጎሳውን ጠየቁት፤ የማን ነህ? የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ወደ ኋላ ይቆጥር ጀመር። እየቆጠረ ሲሄድ ድምፁ ጎላ። አንዱ ስም ላይ ሲደርስ ሽማግሌው እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ እኛ ዘማቾቹ ነን፣ እሱ ልጃቸው ነው። አሳሳቁ ሳይቀር ሌላ ሆነ። ተለወጠ ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ዛሬም የማምነው፣ የተለወጠው ትምህርት ቤት የማውቀው ልጅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የገበሬ ማኅበር ለማቋቋም አባላት ስንመዘግብ፣ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ያ ጓደኛዬ ያስተረጉማል። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ፊቴ ቆሙ።

«ስምዎ ማን ይባላል?»

«የፊታውራሪ እገሌ ጭሰኛ ነኝ።»

የእርስዎን ስም ነው አልኳቸው። ዙሪያቸውን ቃኙ። በዚያ አካባቢ ባለመሬቶች ትራክተር ካስገቡ ወዲህ ብዙ ጭሰኛ ተፈናቅሏልና የጌታን ስም ማስቀደም ማሳን ላለማጣት ነበር። በመጨረሻ ስማቸውን ከነአባታቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ስጽፍ ግን ጎንበስ ብለው እጄን ይከተሉ ነበር።

«ጻፍከው?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። አንዴ ድገመው አሉኝ።

በ1968 አዲስ አበባ ስንመለስ ካኪው ወለቀ፤ በአንድ ብርድ ልብስ ያደርን ልጆች እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመርን። የማን ነህ? «ዲሞክራሲያ» ጋዜጣን ያነበበ የኢሕአፓ ፓርቲ ነው፣ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን የያዘ የተቀናቃኙ የመኢሶን። የሰውዬው ወገን ሳይታወቅ አብሮ ሻይ መጠጣት ቀረ። አርሲ ላይ አብረን ምስጥ የበላው ጎጆ ያቃናን ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላምታ ሲነሣሡ አይቻለሁ። ያን ጓደኛዬን ሁለቱም ወገን የእኛ ነው ይሉት ነበር። እሱ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ወደ አርሲ ተመለሰ፣ ሽማግሌው ቤት ዐረፈ።

እኔ እዚሁ ቀርቼ መለስኩ። በማን ሠርግ እንደምጠራ፣ ማን ሲያየኝ መንገድ እንደሚሻገር፣ ለዓመታት ያ መልስ ወሰነልኝ።