ደባርቅን ሲፈልጉ ውሻ ማግኘት

እስቲ «ደባርቅ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና፣ ሌላ ምንም ቃል ሳትጨምሩ ጎግል ላይ ፈልጉ። ከከተማዋ ጋር እየተጋፋ የሚመጣው የውሻ ጉዳይ ነው። እነዚያው ፊደላት በእንግሊዝኛ ከመርከብ መውረድም፣ የግንድ ቅርፊት መላጥም፣ ውሻ እንዳይጮህ ጉሮሮውን በቀዶ ሕክምና ማስነካትም ማለት ናቸው። መቼም የስም ነገር ዕድል ነው! የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ከውሻ ጉሮሮ ጋር ወረፋ ትይዛለች።

ይህን ጉድ ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዛሪማ ተወልዶ ደባርቅ ያደገ አስጎብኚ ሲሆን፣ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር አነስተኛ የጉዞ ድርጅት አለው። ድርጅት ስላችሁ ፎቅ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ክፍል፣ ጥቂት ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና አንድ ላፕቶፕ ነው። ድረ ገጽም አላቸው። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን ያቃኑልን፤ ሰው አያገኘንም» ብሎ ላከልኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለዓመታት የተማሪ ድርሰት ሳርም ስለኖርኩ፣ ዘመድ ሁሉ ጽሑፍ ሲገጥመው የሚሮጠው ወደኔ ነው።

እንግሊዝኛው ደኅና ነበር። የታመመው አጥንቱ ነው። ድረ ገጹን የሠራላቸው ባለሙያ ያለውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ከምሮ፣ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ስልኩን አጥፍቷል። እንኳን ደህና መጡ፣ ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ራስ ደጀን፣ ድንኳን፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያው። የገጹ ርእስ ደግሞ «ሆም» ይላል። አርባ ተማሪ ስሙን ትቶ «ወረቀት» ብሎ ብቻ ጽፎ ፈተና ቢያስረክብ የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? የጉዞው ዕቅድና ዋጋው በሥዕል መልክ ተሠርቶ የተለጠፈ ነው፤ ሰው ያነበዋል፣ ጎግል ያነበዋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ ስለተሰቀሉ፣ በእኛ ኔትወርክ እስኪከፈቱ ቡና አፍልቶ አቦሉን መጠጣት ይቻላል።

ስለ ተራሮቹ የተጻፈው ከሌላ ቦታ የተቀዳ ነው። በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ራስ ደጀን 4,620 ሜትር ይላላ! ይህ የቆዩ መጻሕፍት ቁጥር ነው፤ አሁን የሚሰጠው 4,550 ነው። ቀጂ በቁጥር እንደሚያዝ ማንኛውም ፈታኝ ያውቃል። ጎግልም በመጠኑ ፈታኝ ነው፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አሥር ቦታ ካገኘ አንዱን መርጦ ያሳያል። የሚመረጠው የደባርቁ ልጅ እንደማይሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ጎግልን በ1998 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የተነሡበት ሐሳብ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ምሁራን የሚጠቅሱት ጥናት ክብደት እንደሚኖረው ሁሉ፣ ሌሎች ገጾች የሚጠቁሙት ገጽም ክብደት ይኖረዋል የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ የዋስ ነገር ነው፤ ዋሱም ማን እንደሆነ ይታያል። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይመዝናል፤ ዋስ የሌለው ገጽ ግን አሁንም ይቸገራል። የእነዚህ ልጆች ድረ ገጽ አንድም ዋስ አልነበረውም። እንግዳ የሚያሳድሩበትን ሎጅም፣ አመስግኖ የተለያቸውን ተጓዥም፣ በገጻችሁ ጠቁሙን ብለው ጠይቀው አያውቁም። ይሉኝታ ነዋ!

እንግዳው በሌላ በኩልስ ይመጣ የለ? ይመጣል። ነገር ግን ለንደን ወይም አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከፍሎ የሚመጣ እንግዳ ደባርቅ የሚደርሰው ሒሳቡን ዘግቶ ነው። ለአስጎብኚው፣ ለምግብ አብሳዩ፣ ለስካውቱና ለባለበቅሎው የሚተርፈው የቀን አበል ነው። መሐል ያለው ድርጅት ሥራ አይሠራም አልልም። ሆኖም ዋጋውን ራሱ የሚናገርና የተነገረውን የሚቀበል ሰው ኑሯቸው አንድ አይደለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ከእርሻና ከከብት ተነሥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ እዚያ አገር ከቱሪስት ሌላ ስንት በር አለው?

ሥራው በስልክ ሁለት ሳምንት ፈጀ። «እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ምን ይጠይቋችኋል?» አልኩት። ሳይተነፍስ ደረደረልኝ። ሌሊቱ ምን ያህል ይበርዳል? ከደባርቅ ሳንቃበር ስንት ሰዓት ነው? ስካውት መያዝ ግዴታ ነው? በቅሎዋ ስንት ኪሎ ትሸከማለች? «በል እነዚህን ጻፍ፤ ከማንም ሳትቀዳ» አልኩት። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ገጽ ተሰጠው፤ ርእሱም ጥያቄው ራሱ ሆነ። ስለ ብርዱ የሚያነብ ሰው ከዚያው ወደ ድንኳን ኪራይ እንዲሻገር በየገጹ መካከል ሊንክ ገባ። ደባርቅም ብቻዋን እንዳትቆም «ስሜን ተራሮች፣ ኢትዮጵያ» የሚለው አብሯት ተጻፈ፤ ውሻው የተባረረው እንዲህ ነው። የ«ስሜን» አጻጻፍ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ፈረንጅ በየዓይነቱ ይጽፈዋል፣ እኛም «ሰሜን» ነው «ስሜን» ነው እያልን እንጨቃጨቃለን። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው የተጠቀመበት አጻጻፍ ለርእስ ተመረጠ፤ ሌሎቹ በጽሑፉ ውስጥ አንዳንዴ ብቅ ይበሉ ተባለ። ዋጋው ከሥዕል ወጥቶ ጽሑፍ ሆነ።

ያከራከረን «ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ አክሱም» የሚለው ገጽ ነው። በቀድሞው ጽሑፍ መንገዱ «ዓመቱን ሙሉ ክፍት» ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። በ2013 ጦርነት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ ሰው አለቀ። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ልብ በሉልኝ፤ ድረ ገጹ የተቀመጠው ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ባለቤቶቹ መክፈት ባልቻሉበት ጊዜ እሱ ለዓለሙ ሁሉ «መንገዱ ክፍት ነው» እያለ ይናገር ነበር።

አንደኛው ባልንጀራ «ሰላም ነው ብለን እንጻፍ፤ አለዚያ ማን ይመጣል?» አለ። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። አልተስማማሁም ግን። ብርዱን አሳንሶ የጻፈ እንግዳውን ያስነጥሰዋል፤ የመንገዱን ነገር አሳስቶ የጻፈ ሊያስገድለው ይችላል። ብዙ ከተነታረክን በኋላ በገጹ አናት ላይ የታደሰበት ቀን ሰፈረ። ከሥሩም ከመክፈልዎ በፊት ይደውሉልን፣ መንገዱ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ እንነግርዎታለን የሚል ቃል ገባ። ባልንጀራው አሁንም ኩርፊያው አልለቀቀውም። ስማቸው የትም አይገኝ የነበረው ግን አሁን በፍለጋው ሁለተኛ ገጽ ላይ ይመጣል።

የእህቴ ልጅ በራሱ ሐሳብ የዛሪማን ገጽ ጨመረ። ጓደኞቹ «ዛሪማን ማን ይፈልጋል?» ብለው ሳቁበት። ፈላጊዋ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ተራራውን ጨርሶ አዲ አርቃይ የወረደ እንግዳ ወደ ደባርቅ ሲመለስ የሚያያት በመኪና መስኮት ነው። ልጁ የጻፈው ስለ ቆላው ሙቀት፣ ወደ ተከዜ ስለሚወርደው ወንዝ፣ ሌላው ከላይ ቁልቁል የሚያየውን ገደል ከታች ሽቅብ ስለማየት ነው። አራት አንቀጽ ናት፤ እስክሪብቶ አላሳረፍኩባትም። ካነበቧት አንዷ ውጭ አገር የምትኖር የዛሪማ ተወላጅ ናት። ስለ ጉዞ አልጠየቀችም፤ ገበያው ዳር የነበረችው ዋርካ አለች ወይ ብላ ነው የጻፈችው። ልጁ ፎቶ አንሥቶ ላከላት።